የድምቡሼ ቁርስ

ኅዳር 4

ለተከበሩ እናቴ፣

ከሩቅ ሆኜ እጅ እነሣለሁ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? ዓይንዎስ? ያ የልብስ መስፊያ መኪናዎ ዛሬም ጎረቤት እየቀሰቀሰ ነው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን አለን። ይህን የጻፍኩት ለወጉ ነው። እርስዎን በወግ ብቻ መሸንገል ስለማልችል ግን እውነቱን አስከትላለሁ።

ድምቡሼ ከስታለች። ያንን ስም ሲያወጡላት ጉንጯን ቆንጥረው ይዘው ነበር፤ ዛሬ ቢይዙት እጅዎ ላይ የሚቀር ነገር የለም። ልጅዎ፣ ባለቤቴ፣ ካረፈች ወዲህ በልጃችን አፍ ቁርስ አልዞረም። ምሳም ራትም ትቀማምሳለች፣ ጠዋት ግን ከንፈሯን ገጥማ ትቀመጣለች። ባለፈው ሳምንት አስተማሪዋ አስጠርታኝ፣ ልጅቷ እስከ እረፍት ሰዓት ራሷን ጠረጴዛ ላይ ደፍታ እንደምትቆይ ነገረችኝ። በሥራ ልብሴ፣ እጄ እንደጠቆረ ነበር የሄድኩት። ወንበራቸውን እንዳላቆሽሽ ቆሜ ሰማኋት።

በመጨረሻው ደብዳቤዎ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጅቷን ላክልኝ፣ ጎማ ሲለጥፍ የሚውል ሰው ሴት ልጅ አያሳድግም ብለውኛል። አልተቀየምኩም። ጎሚስታ መሆኔም አያሳፍረኝም። ልጄን ግን አልሰጥም፤ ይህን ሳልሸፋፍን ልንገርዎት። ሆኖም እርስዎ አያቷ ነዎት፣ አንድ ልጅዎንም አጥተዋልና በባዶ አፍ አልከራከርዎትም። ቃሌ ይህ ነው፤ ትምህርት ቤት እስኪዘጋ ድረስ ቁርሷን እንደ ድሮዋ መብላት ካልጀመረች፣ ራሴ እጇን ይዤ አመጣልዎታለሁ።

የምትወደውን አውቃለሁ። እናቷ በየማለዳው በዚያ በኤሌክትሪክ በሚሠራው፣ እንፋሎት አምቆ በግፊት በሚያበስለው ፕሬዠር ድስቷ ታበስልላት የነበረውን አጃ ነው፣ ፍራፍሬና ቅመም ያለበትን። እኔ በጨለማ ወጥቼ ስለምሄድ ሲሠራ አይቼ አላውቅም። ሽታውን ብቻ ነው የማውቀው፤ ማታ ስገባ መጋረጃው ላይ ይጠብቀኝ ነበር። አሁን አለቃዬን አስፈቅጄ አርፍጄ እገባለሁ። ድስቱን ከመደርደሪያ አውርጄ ሞከርኩ። ግፊት ማለት የየዕለት ሥራዬ አይደል፣ ምን ያቅተኛል ብዬ። አጃ፣ ውሃ፣ አንድ እፍኝ የቀረፋ ዱቄት ጨምሬ ዘጋሁት። ጢጥ ጢጥ ሲል ወዲያው ማስተንፈሻውን ከፈትኩ። እናቴ፣ አጃው በእንፋሎቱ ቀዳዳ ወጥቶ ግድግዳውን ለሰነው። ድምቡሼ እኔን አየች፣ ግድግዳውን አየች፣ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

ስለዚህ እርስዎን እለምናለሁ። ልጅዎ ሙያዋን ከእርስዎ ነው የወሰደችው። ምን ነበር የምትጨምርበት?

አክባሪ አማችዎ


ኅዳር 21

ይድረስ ለአማቼ፣

ሰላም ዋል፣ ሰላም እደር፣ የነካኸው ይባረክልህ። የነካኸው ግድግዳ ካልሆነ በቀር። ድምቡሼን ጉንጭ ጉንጯን ሳምልኝ፤ ጉንጭ ካስቀረህላት ማለቴ ነው።

ስልክ ለምን አያነሡም እያልክ ጎረቤቶቼን አታስቸግር። ያንን መርዶ የሰማሁት በስልክ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሲጮህ እጄ አይታዘዘኝም። ድሮ ልጄ በየጠዋቱ ደውላ ስትለፈልፍልኝ፣ የዚያን ድስት ነገር ከሀ እስከ ፐ ስትተርክልኝ ጆሮዬ ይግል ነበር። አሁን ብታግለው ምን ነበረበት። በል ወደ ነገሬ ልመለስ።

አንድ እፍኝ ቀረፋ! ልታበላት ነው ወይስ ልትቀባት? እናቷን አይተህ ልጇን አግባ ሲባል ሰምተህ ቤቴ ስትመላለስ፣ ሙያዬንም አብረህ ያየህ መስሎኝ ነበር። ለካ ዓይንህ ሌላ ቦታ ነበር።

ቀረፋው ዱቄቱ አይደለም፣ እንጨቱ ነው። ትንሽ ጣት የምታህል በቂ ናት፤ ሲበስል አውጥተህ ትጥላታለህ። ሄሉን በማንኪያ ጀርባ ሰንጥቀው እንጂ አትውቀጠው። ቅርንፉድ አንዲት ፍሬ ብቻ፤ ከዚያ ካለፈ ቤትህ የጥርስ ሐኪም ቤት ይሸታል። ዝንጅብል በቢላ ጫፍ። ተምሩን ፍሬውን አውጥተህ ክተፈው፣ ዘቢቡን እጠበው፣ ፖሙን ከነልጣጩ ቁረጠው። አጃውም ጠንካራው፣ የተከካው ነው እንጂ ተጨፍልቆ በካርቶን የሚሸጠው አይደለም፤ እሱ ድስት ውስጥ ገብቶ ሙጫ ነው የሚሆነው። ጨው ቆንጠር አድርግ። ጣፋጭ ነገር ያለ ጨው ቂል ነው።

ቃልህን ሰምቻለሁ። ደብዳቤህን አጥፌ ከስፌት መኪናዬ መሳቢያ ከትቼዋለሁ። በእኔ በኩል አልጋዋን አንጥፌያለሁ፤ ከመስኮቱ ሥር፣ ከመኪናዬ ፊት ለፊት። አንሶላውን ራሴ ነኝ የሰፋሁት። ፎቶዋን ላክልኝ፣ ሳትስቅ የተነሣችውም ቢሆን።

ጤና ከደጅህ አይራቅ።

አማትህ


ጥር 17

ለተከበሩ እናቴ፣

ዕድሜና ጤና ይብዛልዎት። ምክርዎ ደርሶኛል፣ ቅመሙም እንዳሉት ሆኗል። ፎቶዋን አብሬ ልኬያለሁ። ባርኔጣዋን አውልቂ ብላት እምቢ አለችኝ፤ ከነባርኔጣዋ ይሳሟት።

ዝም ብዬ የቆየሁት ሰንፌ አይደለም። በየማለዳው ስሠራ ነበር። መጀመሪያ በውሃ ፋንታ ወተት ሞላሁበት፤ ወተቱ ከሥሩ ያዘና ድስቱ በቀይ መብራት ተቆጣኝ። ስፍቀው ውዬ ማግስቱን በውሃ አብስዬ ወተቱን ከኋላ ጨመርኩ። ከዚያ አረፋው እንዳይገነፍል ውስጡን ቅቤ ቀባሁት፣ ከግማሽ በላይ መሙላትም ተውኩ። ፖሙ ሁሉ ሲሟሟብኝ እኩሌታውን ከአጃው ጋር፣ እኩሌታውን ካወጣሁት በኋላ አደረግሁ። የተበላሸውን ሁሉ በዕቃ እያደረግሁ ጋራዥ እወስዳለሁ። ጓደኞቼ በእኔ ስህተት ወፈሩ፤ አንዱ መካኒክ መኪና ሥር ተንሸራቶ መግባት ከብዶት ክሪክ ጨምሩልኝ አለ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው፣ ተወው፣ ዳቦ ግዛላት ይሉኛል። እኔ ግን እንደሚያውቁኝ ነኝ፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

እናቴ፣ ባለፈው ሰኞ ጣዕሙ መጣ። አንድ ማንኪያ ቀምሼ ቁጭ አልኩ። እሷ ናት። ቤቱ ውስጥ የገባች መሰለኝና ዞር ብዬ በሩን አየሁ። ማልቀሴን ድምቡሼ እንዳታይ ፊቴን በቧንቧው ውሃ ታጠብኩ።

ከዚያ ለልጅቷ አቀረብኩላት። አሸተተች፣ ቀመሰች፣ ደግማ ቀመሰች። ደስ ሲለኝ ማንኪያውን አስቀመጠችና፣

«እሱ ነው» አለችኝ። «ግን እሱ አይደለም።»

ምን ጎደለው ስላት አላውቅም አለች። እያሾፈችብኝ እንዳልሆነ ዓይኗን አይቼ አውቄአለሁ፤ እሷም ግራ ገብቷታል።

እስኪ ማለዳዬን ልንገርዎት፣ ምናልባት እርስዎ ስህተቴን ያዩልኝ ይሆናል። ተነሥቼ ሁሉን ድስቱ ውስጥ ከትቼ እዘጋለሁ። ሲበስል ሻይ አፈላለሁ። ድስቱ ጢጥ ሲል በፎጣ ይዤ ማስተንፈሻውን ጥቂት በጥቂት እከፍታለሁ፤ እንደ መጀመሪያው ቀን አይገነፍልም፣ እጄ ለምዶታል። አየር ማስወጣት ሥራዬ አይደል? እንፋሎቱ እንዳለቀ ክዳኑን አንሥቼ፣ ወተቱንና የቀረውን ፖም ጨምሬ እጠራታለሁ። ስትቀመጥ ሁሉ ነገር ተሰናድቶ ይጠብቃታል፣ አንዲት ደቂቃ አላስጠብቃትም።

የሚያውቁት ነገር ካለ አይንፈጉኝ።

አክባሪ አማችዎ


መጋቢት 18

ይድረስ ለአማቼ፣

እንዴት ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ። መልሱ ስለቆየብህ አትዘንብኝ፣ ጉልበቴ ፖስታ ቤት ድረስ አላደርስ ብሎኝ ነው። ፎቶው ደርሶኛል። አገጯ ሹል ሆኗል።

ስለ አጃው ጠይቀኸኛል። ምን አውቃለሁ? ምናልባት የውሃው ጣዕም ይሆናል። ምናልባት ዘቢቡ የዘንድሮ አይደለም። ልጅ ደግሞ አንዴ እምቢ ካለ እምቢ ነው፤ ብዙ አትጨነቅ፣ አንተም የቻልከውን አድርገሃል።

እዚህ ያለው ትምህርት ቤት ከቤቴ በር ይታያል። ዳይሬክተሯን አነጋግሬአለሁ፣ ለአዲሱ ዓመት ቦታ አለን ብላኛለች። የደንብ ልብሱ ሰማያዊ ነው፣ ጨርቁን ገዝቻለሁ። አሁን የምጠይቅህ ልኳን ነው። ከትከሻ እስከ ጉልበት፣ ወገቧን፣ የክንዷን ርዝመት ለክተህ ላክልኝ። ስታድግ የሚለቀቅ እጥፋት እተውለታለሁ።

ሰላም ሁን።

አማትህ


መጋቢት 30

ለተከበሩ እናቴ፣

ሰላምዎ ይብዛ። ልኳን በዚህ ወረቀት ጀርባ ጽፌልዎታለሁ። የላክሁት ስላዘዙኝ ነው እንጂ እጅ ስለሰጠሁ አይደለም። ትምህርት ቤት ገና አልተዘጋም።

ስለካት ሜትሩ ወገቧ ላይ ተርፎ ዞረ። ባለፈው ሐሙስ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ራሷን ስታ ወድቃለች። ስልክ ሲደወልልኝ የጭነት መኪና ጎማ ፈትቼ መሬት ላይ አጋድሜ ነበር፤ እንዳጋደምኩት ትቼ ሮጥኩ። ሐኪሙ በሽታ የለባትም፣ ጠዋት ጠዋት ትብላ ብሎ መለሰን። በዚያው ማታ ቀረፋውን አጥቤ፣ ተምሩን ከትፌ ለነገ አሰናዳሁ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። አንድም ጠዋት አላስታጎልኩም፣ አላስታጉልምም።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ የወንድ ቤት መሆናችን የታወቀኝ በዚህ ነው። ፀጉሯን ማንም እንዲነካው አትፈቅድም። ባርኔጣዋን ክፍል ውስጥም አታወልቅም። ታች ያለችው ፀጉር ሠሪ ልትሞክር ብትል እሪ አለችባት። ተቋጥሮ ተቋጥሮ ማበጠሪያ አላስገባ ስላለ፣ በሚመጣው ወር መጨረሻ እንደ ወንድ ልጅ ከሥሩ አስቆርጥላትና ይገላግለኛል ብያለሁ። ይበቅላል መቼም።

አክባሪ አማችዎ


ሚያዝያ 9

ልጄ፣

አትቁረጠው። ሰላምታውን ኋላ አደርሳለሁ፣ መጀመሪያ መቀሱን አስቀምጥ። በፈጣን ፖስታ ያስላክሁት ለዚሁ ነው፤ ጉልበቴም ፖስታ ቤት ድረስ አድርሶኛል። ባለፈውም ያደርሰኝ ነበር።

ልኳ ሲደርሰኝ ጨርቁን ዘርግቼ ቆረጥኩ። ከዚያ ወረቀቱን ገልብጬ ስለ ፀጉሯ የጻፍከውን አነበብኩና መኪናዬ ፊት እጄን አጣጥፌ ቀረሁ። አጃህ ምን እንደጎደለው የጥር ወሩን ደብዳቤህን እንዳነበብኩ ነው ያወቅሁት። አውቄ ነው ስለ ውሃና ስለ ዘቢብ የቀባጠርኩብህ።

አሁን ስማኝ። ልጄ ድስቱ ሲጮህ አትከፍተውም ነበር። ሶኬቱን ነቅላ እዚያው ትተወዋለች፣ በራሱ ተንፍሶ እስኪጨርስ። በእንፋሎቱ ተገፍታ ክዳኑ ላይ ብቅ ያለችው ትንሿ ብረት እስክትወድቅ ድረስ ድምቡሼን በርጩማ ላይ፣ በጉልበቶቿ መካከል አስቀምጣ ፀጉሯን ትጎነጉንላታለች። እኔን በስልኩ ድምፅ ማጉያ መስኮቱ ላይ ታስቀምጠኛለች። የማበጠሪያው ድምፅ ይሰማኛል፣ ድምቡሼ ስትነጫነጭ ይሰማኛል፣ ልጄ ስትስቅ ይሰማኛል። ብረቷ ስትወድቅ ልጅቷ «ወደቀች!» ብላ ትጮኻለች፤ እሱ የእሷ ሥራ ነው፣ ማንም አይቀማትም። ከዚያ ክዳኑን አብረው ይከፍታሉ። የሆነው ይኸው ነው።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። አንተ ደግሞ ጎሚስታ ነህና ድስት ተነፍቶ ስታየው እጅህ አያርፍም። እንዳላስጠብቃት ብለህ ቸኮልክ፣ ለእሷ ደግሞ ደጉ ጊዜ መጠበቁ ነበር። ልትነግርህም አትችልም፤ ልጅ ናት፣ የራባት ቁርሱ ብቻ መስሏታል።

ይህን ስጽፍልህ ምን እንደማጣ አውቃለሁ። አልጋው እንደተነጠፈ ነው፣ ማታ ማታ እሱን እያየሁ ነው የምተኛው። ልጄን አጣሁ፣ የልጅ ልጄን ባገኝ ያሽረኛል አልኩ። ግን ተርባ ብትመጣልኝ፣ እኔ እያወቅሁ ተርባ ብትመጣልኝ፣ ምን ብዬ አቅፋታለሁ? ልጄስ ምን ትለኛለች?

ከቆረጥኩት ሰማያዊ ጨርቅ ሦስት ዘለላ ቀድጄ እስከ እኩሌታው ጎንጉኜ በፖስታው ውስጥ አድርጌልሃለሁ። እኩሌታውን አንተ ጨርሰው። የቀኙን በመሐለኛው ላይ፣ የግራውን በመሐለኛው ላይ፣ ያው ነው እስከ ጫፉ። ፀጉሯን ግን አስቀድመህ ዘይት ቀብተህ ከጫፉ ጀምረህ ፍታው፣ ከሥሩ አትጀምር። ስትጎነጉንም አታጥብቅባት፤ ልጅ ናት እንጂ ጎማ አይደለችም።

እንግዲህ ሰላምታዬ ይኸውልህ። እጅህ ይባረክ።

እናትህ


ሰኔ 11

ለውድ እናቴ፣

እጅዎን እስማለሁ። ደብዳቤዎን ቆሜ ነው ያነበብኩት፤ ጨርሼ ስቀመጥ ወንበሩን ስቼ መሬት ላይ ነበር። ስለ ጥር ወሩ ደብዳቤ አንድም ቃል አልናገርም፣ እርስዎም ዳግመኛ አያንሡት።

የጨርቁን እኩሌታ ጋራዥ ውስጥ ጨረስኩት። የእኔ እኩሌታ እባብ የዋጠው ይመስል ነበር፣ አንዱ ቦታ ወፍራም፣ አንዱ ቦታ ቀጭን። ከዚያ ከአሮጌ ጎማ የውስጥ ላስቲክ ሦስት ሦስት ዘለላ እየቀደድኩ፣ ጫፉን በሞርሳ አስይዤ በምሳ ሰዓት መለማመድ ያዝኩ። ጓደኞቼ የማይሉት አልነበረም። ያ የወፈረው መካኒክ ራሰ በራ ነው፣ ተራ ያዝልኝ አለ። ሰባተኛውን ስጎነጉን ግን ቀርበው ያዩ ጀመር፤ ስምንተኛውን አለቃችን ለመኪናው ቁልፍ ማንጠልጠያ ወሰደው።

ፀጉሯን ለመፍታት ብዙ ጠዋት ፈጀብን። በርጩማውን አምጥቼ ድስቱ ፊት ለፊት አስቀመጥኩ፣ ምንም አላልኩም። ድስቱ ጢጥ ሲል እጄ እንደ ልማዱ ወደ ማስተንፈሻው ሄደ፣ በሌላው እጄ ያዝኩት። ሶኬቱን ነቀልኩ። ድምቡሼ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች።

«አትከፍተውም?» አለችኝ።

«በራሱ ይጨርስ» አልኳት።

ከዚያ መጥታ በርጩማው ላይ ተቀመጠችና ባርኔጣዋን ራሷ አወለቀች። እናቴ፣ ጎማ ሲፈነዳ ደንግጬ የማላውቅ ሰው ማበጠሪያውን ገልብጬ ያዝኩት። በየጠዋቱ በዘይት ጥቂት ጥቂት እየፈታሁ የቀረውን ለነገ አሳደርኩት። በመጀመሪያዎቹ ጠዋቶች ብረቷ ስትወድቅ ድምቡሼ ዝም አለች፣ እኔም ሥራዋን አልቀማኋትም። አጃውንም ሁለት ሦስት ማንኪያ ቀምሳ ትተወው ነበር።

ፀጉሯ ተፈትቶ ባለቀ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ጎነጎንኩላት። አንዱ ጆሮዋ ላይ ወረደ፣ አንዱ ወደ ሰማይ ቆመ። ሁለተኛውን ሳስር ክዳኑ ላይ ጠቅ አለ።

«ወደቀች» አለች፣ በሹክሹክታ።

ክዳኑን አብረን አነሣነው። የቀረፋዋን እንጨት እሷ አወጣች፣ ወተቱን እኔ አፈሰስኩ፣ ፖሙን እሷ በተነች። ሳህኗን ጨረሰች። ከዚያ ማንኪያዋን ይዛ የእኔን ሳህን አየች፣ ገፋሁላት፣ እሱንም ጨረሰች። እኔ ጾሜን ሥራ ገባሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ጠግቤ አላውቅም።

አሁን በየጠዋቱ እንዲሁ ነው። ዘቢብ ጨምር ትለኛለች፣ ዝንጅብሉ በዝቷል ትለኛለች፣ ትቆጣኛለች። አስተማሪዋ ቀና ብላ መዋል እንደጀመረች ነገረችኝ። ሰማያዊውን ጨርቅ ለሁለት ቆርጣ የጉንጉኖቿን ጫፍ ታስርበታለች፤ በእርስዎ እኩሌታ አንዱን፣ በእኔ እኩሌታ አንዱን። የእኔው ቶሎ ቶሎ ይፈታል።

ቃሌ፣ ካልበላች አመጣታለሁ ነበር። በልታለች፣ ስለዚህ ከእኔ ጋር ትኖራለች። ነገር ግን ያ አልጋ ተነጥፎ ባዶውን አይደር። ትምህርት ቤት እንደተዘጋ ሁለታችንም መጥተን ክረምቱን እርስዎ ዘንድ እንከርማለን። ድስቱን ሻንጣ ውስጥ አስገብቼ ሞክሬዋለሁ፣ ይገባል። ለእኔ መሬት ላይ ፍራሽ ይበቃኛል። ማለዳ ማለዳ በስልክ ይሰሙት የነበረውን ሁሉ ቁጭ ብለው ያዩታል።

ልጅዎ


አያቴ፣ አባዬ ቴምብር ሊገዛ ወጥቶ ነው ይህን የጻፍኩት። ሲጎነጉነኝ ያመኛል። በጣም ይጎትታል። ስንመጣ ቀስ አድርገሽ አሳዪው። አሁን ግን እንዳትነግሪው፣ ካወቀ ይተዋል።